የዲፈረንሻል ቡሽ አመራረጥ፦ ለመንገድም ለትራክም (ለመኪና ውድድር መም) ለምትነዳ መኪና

ነዳጅ ስትረግጡ መኪናዋ ወደፊት ትሄዳለች። ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ግን በዚያው ቅጽበት አፍንጫውን፣ ማለትም የፊት ጫፉን፣ ወደ ላይ ያነሳል። ጎማዎቹን ወደፊት የሚያዞረው ጉልበት፣ በዚያው ልክ የዲፈረንሻሉን ቤት ወደኋላ ሊገለብጠው ይታገላል። ነዳጁን ስትለቁ አፍንጫው ተመልሶ ይወርዳል። ይህን መነሳትና መውረድ የሚገቱት ጥቂት ቡሾች፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ የሚታሰርባቸው ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች ናቸው። ከመኪናዋ ሥር ተደብቀው ስለሚኖሩ እስኪበጠሱ ድረስ የሚያስታውሳቸው የለም።

ሲበጠሱ ጥያቄው ይመጣል። የፋብሪካውን የጎማ ቡሽ ልመልስ? ፖሊዩሬቴን (ከጎማ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ላድርግ? ወይስ አንዴ አሉሚኒየም አስገብቼ ልገላገል? ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ደረጃ ያየዋል። ጎማ ከታች፣ አሉሚኒየም ከላይ፣ በጠነከረ ቁጥር የተሻለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቡሹ የሚወስነው ያ ሁሉ ጉልበትና ድምፅ ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ነው። የሚሄድበትን ሳታዩ ጥንካሬ ብቻ ከመረጣችሁ ትርፉ ጫጫታ ነው፤ ሲከፋም የተሰነጠቀ ላሜራ።

ስንት ጉልበት ይሸከማሉ?

እስቲ እናስላው። ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር ይሰጣል እንበል። አንደኛ ማርሽ በ3.5 ያባዛዋል፤ 700 ሆነ። ኮሮናና ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ) ደግሞ በ4 ያባዙታል፤ 2,800 ኒውተን ሜትር ሆነ። ጎማዎቹን የሚያዞረው ይህ ነው። የዲፈረንሻሉን ቤት ወደኋላ የሚገፋውም ይኸው 2,800 ነው። የፊትና የኋላ ማሰሪያዎቹ በ40 ሳንቲሜትር ቢራራቁ፣ የፊተኛው በ7,000 ኒውተን ወደ ላይ ይጎተታል፤ የኋለኛው በዚያው መጠን ወደ ታች ይገፋል። በኪሎ ስታስቡት ከ700 በላይ ነው፤ ፊትም 700፣ ኋላም 700። ከካምቢዮ በትራስሚሲዮኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ በሚሄደው ረጅም ዘንግ) በኩል የሚመጣው 700 ኒውተን ሜትር ደግሞ ቤቱን ወደ ጎን ሊያዘነብለው ይሞክራል።

ይህ እንግዲህ ነዳጅ በሥርዓት ሲረገጥ ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ከተለቀቀ የሚሽከረከረው ሞተር ያጠራቀመው ጉልበት ይጨመርበታል። ለቅጽበትም ቢሆን ጭነቱ ከዚህ ይበልጣል። ለዚህ ሁሉ ጣሪያ የሚያበጅለት የጎማው አያያዝ ነው። ጎማው ሲንሸራተት ጭነቱ እዚያ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት የቆዩ ቡሾች፣ መኪናዋ አስፋልት የሚነክስ የትራክ ጎማ ባደረገች ማግስት ቢያልቁ አይግረማችሁ። ሞተሩ ያው ነው፤ ቡሹ ላይ የሚያርፈው ጭነት ግን ጨምሯል።

ይህ ጉዳይ የሚመለከተው የኋላ ጎማዎቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ፣ ዲፈረንሻሏም ከሰብፍሬም (የኋላ ክንዶችና ዲፈረንሻሉ ከሚታሰሩበት የብረት ማዕቀፍ) ወይም ከአካሏ ጋር የታሰረ መኪና ነው። የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ ኒሳን 350ዜድ፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ያለው ፎርድ ሙስታንግ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንደ ብዙ ፒክአፖች ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ያላት መኪና እንዲህ ያለ ቡሽ የላትም። እዚያ ጭነቱን የሚሸከሙት ባሌስትራው ወይም የአክስሉ ክንዶች ናቸው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ደግሞ ለየት ትላለች። ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ ረጅም የብረት ፍሬም አላት፤ አፍንጫው እንዳይነሳ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ በእሷ ላይ የዲፈረንሻል ቡሽ ስትመርጡ የሞተር ማሰሪያ ጎማዎቹንም አብራችሁ እዩ። ፊት ያለው ማሰሪያ ካለቀ የኋላውን ብታጠነክሩት ብዙ አይጠቅምም።

እውነት ችግሩ ቡሹ ነው?

የተለመደው ምልክት ከኋላ የሚመጣ «ዷ» የሚል ድምፅ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ አንዴ፣ ስትለቁ አንዴ። ማርሽ ስትቀይሩም ይሰማል። ከቆመበት ስትነሱ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ነገር ይንቀሳቀስና ከዚያ መኪናዋ ትሄዳለች። ያቺ በመሃል ያለች ትንሽ መዘግየት የዲፈረንሻሉ ጉዞ ናት።

ግን ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጣ ብዙ ነገር አለ። የላላ ክሮቸራ (የትራስሚሲዮኑ መጋጠሚያ)፣ በትራስሚሲዮኑ ጫፍ ያለው ክብ የጎማ ማያያዣ፣ ያለቀ የሞተር ወይም የካምቢዮ ማሰሪያ፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት አክስሎች መጋጠሚያ፣ የሰብፍሬሙ ቡሽ፣ ወይም በኮሮናና በፒኞን መካከል የሰፋ ክፍተት። በግምት ቡሽ ገዝቶ ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ማየት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም።

መኪናዋን አንሱና በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፏት። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ሥሯ አትግቡ። መብራት ይዛችሁ እያንዳንዱን ቡሽ ዙሪያውን እዩ። ጎማው ላይ ላዩን በፀጉር ስንጥቅ ቢሞላ ዕድሜውን ይነግራችኋል እንጂ መበጠሱን አይነግራችሁም። የምትፈልጉት ሌላ ነው። ጎማው ከብረት ቀለበቱ ተላቆ ከሆነ፣ የመሃሉ ብረት ወደ አንድ ጎን ዘንብሎ ከሆነ፣ ወይም የዲፈረንሻሉ ቤት ከሰብፍሬሙ ጋር ተጋጭቶ ቀለሙ የተላጠና የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ፣ ነገሩ አልቋል። ከዚያ ረጅም ሊቨር አስገብታችሁ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ጤነኛ ጎማ በጥቂቱ ይለጠጥና ወዲያው ይመለሳል። የተበጠሰው ግን ያለ ምንም ትግል ይሄድና ብረት ሲነካ «ቀጭ» ይላል። ትራስሚሲዮኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። ትንሽ ክፍተት ሁሌም አለ። መጋጠሚያው ራሱ ሲወዛወዝ ካያችሁ ግን ጥፋቱ የክሮቸራው ነው።

350ዜድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የፋብሪካው ቡሽ በውስጡ ፈሳሽ አለው። ሲቀደድ ፈሳሹ ይወጣና ዲፈረንሻሉን ያርሰዋል። ያየ ሁሉ የዲፈረንሻል ዘይት ፈሰሰ ብሎ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ቀለበት) ያስቀይራል። እርጥበቱ ከየት እንደጀመረ ጠርጋችሁ ተከተሉት፤ ከቡሹ ከሆነ ፓራኦሊዮውን አትንኩት።

እዚህ ላይ በጣም የማስብበት ነጥብ አለ። 15 ዓመት ያገለገለ፣ የሞተ ጎማ አውጥቶ ፖሊዩሬቴን ያስገባ ሰው ልዩነቱን ሲያወራ ሰምታችሁ ይሆናል። «መኪናዬ ተወለደች» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ያወዳደረው የሞተ ጎማን ከአዲስ ፖሊዩሬቴን ጋር ነው። አዲስ የፋብሪካ ጎማ ቢያስገባም ከዚያ ደስታ አብዛኛውን ያገኝ ነበር። «ዷ» የሚለው ድምፅ ይጠፋል፤ መዘግየቷም ትቀንሳለች። ስለዚህ የሌላ ሰው ምስክርነት ስትሰሙ «ከምን ወደ ምን ነው የቀየርከው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ጠንካራ ቡሽ ያስገቡ ሰዎች የሚያማርሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጥዝታ። በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚመጣ፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚቀጥን ድምፅ። ምንጩን ማስላት ይቻላል። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 11 ጥርስ አለው እንበል፤ 3.73 የሚባለው ሬሾ ይህ ነው። የጎማው ዙሪያ ወደ 2 ሜትር ይሁን። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 27.8 ሜትር ትሄዳላችሁ። ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው፤ ኮሮናውም አብሮት። 14ን በ41 ጥርስ ስታባዙት በሰከንድ 570 ያህል የጥርስ ንክኪ ይመጣል። እያንዳንዱ ጥርስ ሲገባና ሲወጣ ቤቱን በጥቂቱ ይነቀንቀዋል።

570 ኸርዝ ጆሮ ጥርት አድርጎ የሚሰማው ቃና ነው። የንፋስና የአስፋልት ድምፅ የተበታተነ ስለሆነ ይለመዳል። አንድ ወጥ ቃና ግን ከመሃል ነጥሮ ይወጣል። ረጅም መንገድ በእኩል ፍጥነት ስትነዱ ደግሞ ከራስ አይወርድም።

ቡሹ ይህን ድምፅ አልፈጠረውም። ድምፁ ድሮም ነበር፤ ጎማው ነበር መንገድ ላይ የሚያስቀረው። ቡሽ ድምፅ የሚያፍነው ዲፈረንሻሉ በእሱ ላይ ሆኖ ከሚወዛወዝበት ድግግሞሽ በጣም ከፍ ላሉ ድምፆች ነው። ቡሹ 4 እጥፍ ሲጠነክር ያ ድግግሞሽ 2 እጥፍ ይሆናል። ከፍ ባለ ቁጥር የሚታፈነው ድምፅ ይቀንሳል። ቡሹ ድፍን አሉሚኒየም ሲሆን የሚያፍን ነገር አይኖርም። ጥርሱ የነቀነቀው ሁሉ ወደ ሰብፍሬሙ ያልፋል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንማራለን። የድምፁን መጠን የሚወስነው በመጀመሪያ የራሳችሁ ኮሮናና ፒኞን ጤንነት ነው። ጥርሱ ንጹህ፣ አገጣጠሙም ትክክል ከሆነ መኪናዋ በጠንካራ ቡሽም ዝም ልትል ትችላለች። ያረጀ ወይም ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ ክፍል) ሲገባለት በደንብ ያልተስተካከለ ዲፈረንሻል ግን በመጠነኛ ፖሊዩሬቴን እንኳ ይጮኻል። ቡሽ ከማጠንከራችሁ በፊት መስኮት ዘግታችሁ፣ ሙዚቃ አጥፍታችሁ አድምጡ። አሁን በጎማው በኩል ጥዝታ የምትሰሙ ከሆነ፣ ጠንካራው ከገባ በኋላ የምትሰሙት በብዙ የበለጠ ነው።

ጎማ፣ ፖሊዩሬቴን፣ ድፍን ብረት

የፋብሪካ ጎማ ከብረት ቀለበቱ ጋር በሙቀት የተጣበቀ ነው። ብዙ ጊዜ በመሃሉ ክፍት ቦታዎች አሉት። እነዚያ ክፍተቶች የቁሳቁስ ቁጠባ አይደሉም። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ጠንካራ እንዲሆን ታስቦ ነው። ስለዚህ ቡሹ ዞሮ ከገባ የሚጠነክርበት አቅጣጫም አብሮ ይዞራል። ጠላቱ ዘይት፣ ሙቀትና ዕድሜ ነው። ፓራኦሊዮው የሚያፈስ ዲፈረንሻል አዲሱን ጎማም አሳብጦ ያበላሸዋል፤ መጀመሪያ ፍሳሹን አቁሙ። ለአንዳንድ መኪኖች ከፋብሪካው ጠንከር ያለ የጎማ ቡሽ ይገኛል። ካገኛችሁት፣ ለመንገድና ለትራክ መኪና ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነው። ሙቀትም ዘይትም ይጎዳዋል፤ ግን ድምፅ ማፈኑን ሳይተው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ መሙያ ማስገባት ነው። ጎማው ሳይወጣ ክፍተቶቹ ውስጥ የሚገባ የፖሊዩሬቴን ቁራጭ ነው። ፕሬስ አይፈልግም፣ ሰብፍሬም አይወርድም፣ ካልወደዳችሁት በአንድ ከሰዓት ታወጡታላችሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ጎማው ጤነኛ መሆን አለበት። የተበጠሰ ቡሽ ውስጥ መሙያ መክተት ለጊዜው ድምፁን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

ሙሉ የፖሊዩሬቴን ቡሽ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግማሽ ሆኖ፣ በመሃሉ የብረት ቱቦ ይዞ ይመጣል። ስለ ፖሊዩሬቴን የሚወራው ክስ ይታወቃል፤ ይንጫጫል፣ ይነክሳል፣ በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል። ይህ ክስ የተወለደው በእግር ክንዶች ላይ ነው። ክንድ ጎማው በተነሳና በወረደ ቁጥር ቡሹ ላይ ይዞራል፤ ፖሊዩሬቴን ደግሞ እንደ ጎማው ስላልተጣበቀ ይንሸራተታል። ዲፈረንሻል ግን እንደ ክንድ አይዞርም፤ የሚሠራው መግፋትና መጎተት ብቻ ነው። ስለዚህ ፖሊዩሬቴን ከመኪናዋ ሥር በደንብ የሚስማማው ቦታ ቢኖር ይህ ነው እላለሁ። ስትገጥሙት የተላከውን ግራሶ መቀባት በቂ ነው።

ጥንካሬው በሾር ኤ (የጎማና መሰል ቁሶች ጥንካሬ መለኪያ) ይጻፋል። ለመንገድ የሚሸጡት በ70ዎቹና በ80 አካባቢ፣ ለትራክ የሚሸጡት እስከ 95 ድረስ ይሄዳሉ። በቀለም አትመኑ፤ የአንዱ አምራች ጥቁር የሌላው ጥቁር አይደለም። ቁጥሩም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። የሚለካው ቁሱን ነው፤ የቡሹን ቅርጽ አይለካም። ቀዳዳ የበዛበት የ95 ቡሽ ከድፍኑ የ80 ቡሽ ሊለሰልስ ይችላል። ሁለት ምርት ስታወዳድሩ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ፎቶውን አጉሉና ምን ያህል ድፍን እንደሆነ፣ የመሃሉ ቱቦ ከውጪው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ። ቀጭን ግድግዳ ማለት ጠንካራ ቡሽ ማለት ነው።

ዴልሪንና አሉሚኒየም መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ዴልሪን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ በጥቂቱ ይሰጣል፣ ለጆሮ ግን ከብረት ብዙም አይርቅም። አሉሚኒየም ምንም አይሰጥም። አያረጅም፣ ዘይት አይፈራም፣ ሙቀት አይፈራም። ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስትነሱ ጎማው አስፋልት ላይ ተራ በተራ እየያዘና እየለቀቀ የኋላው ክፍል ሲዘል አይታችሁ ይሆናል። አክስል የሚሰብረው ያ መዝለል ነው። ከመንስኤዎቹ አንዱ የዲፈረንሻሉ መወዛወዝ ስለሆነ ድፍን ቡሽ በደንብ ይቀንሰዋል። ብቸኛው መንስኤ ግን እሱ አይደለም፤ የክንዶቹና የሰብፍሬሙ ቡሾችም ድርሻ አላቸው።

ሁለቱን በር አብራችሁ እዩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጥዝታው ከዲፈረንሻሉ ተነስቶ ጆሯችሁ እስኪደርስ ሁለት በር ያልፋል። አንዱ የዲፈረንሻሉ ቡሽ ነው፤ ሌላው ሰብፍሬሙን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ቡሽ። አንዱ ዝግ ከሆነ ኑሮ ይቻላል። ሁለቱም ሲከፈቱ መኪናዋ ውስጥ ማውራት ያስቸግራል። «አሉሚኒየም አስገብቼ ምንም አልሰማም» የሚለው ሰውና «አንድ ሳምንት አልቻልኩትም» የሚለው ሰው ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሰብፍሬም ጎማው ጤነኛ ነው፤ ሁለተኛው እሱንም ድፍን አድርጎታል።

ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ድፍን አታድርጉ፤ መኪናዋ የቁጥር ሰሌዳ የምትይዝ እስከሆነች ድረስ። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ደግሞ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን አስቡ። የዲፈረንሻሉ ቡሽ የጎማውን አቅጣጫ አይነካም። ከጎማ ጋር የተገናኙት ክንዶች የታሰሩት ሰብፍሬሙ ላይ ነው፤ ሰብፍሬሙ ሲዋልል የኋላ ጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ይዋልላል። ኩርባ ውስጥ «የኋላው ይቅበዘበዝብኛል» የሚል ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ከዲፈረንሻሉ ቡሽ የምታገኙት ነዳጅ ስትረግጡና ስትለቁ የሚመጣው ምላሽ ቀጥተኛ መሆኑን፣ ማርሽ ሲቀየር መኪናዋ አለመናጧን ነው። ኩርባ መውጫ ላይ እግራችሁን በጥቂቱ ስታንቀሳቅሱ ይህ በደንብ ይሰማል። የመንገድ አያያዝ ግን አይጨምርም። ጎማና የፍሬን ሸራ ገና ያልቀየራችሁ ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ መቀላቀልን ነው። ከፊት ድፍን ብረት፣ ከኋላ የፋብሪካ ጎማ ያደረገ ሰው ግማሽ ለስላሳ መኪና ያገኘ ይመስለዋል። ጭነት ግን ሁሌም ወደማይሰጠው ቦታ ይሄዳል። ለስላሳው ሲለጠጥ ጠንካራው ብቻውን ይሸከማል፤ ቤቱ ደግሞ ጠንካራውን ነጥብ ይዞ ይጠመዘዛል። የሚሰነጠቀው የዲፈረንሻሉ ጆሮ ወይም የኋላ ክዳኑ ነው። ሁሉንም ነጥቦች በተቀራረበ ጥንካሬ አድርጓቸው። አምራቹ ራሱ አስቦ የተለያየ ጥንካሬ ያደረገበት ስብስብ ካለ ስብስቡን እንዳለ ውሰዱ እንጂ ከሁለት አምራች አታዋህዱ።

ቡሹ ያልዋጠው ድንገተኛ ምት ደግሞ ወደ አካሉ ይወርዳል። የቢኤምደብሊው ኢ46ን (ከ3 ሲሪስ ትውልዶች አንዷን) ወለል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሰብፍሬሙ የሚታሰርበት ላሜራ ይሰነጠቃል፤ ያውም በፋብሪካው ጎማ ላይ እያለች። እንዲህ ያለ የታወቀ ድክመት ያላት መኪና ላይ ቡሽ ከማጠንከር በፊት ላሜራውን መፈተሽና በብየዳ ማጠናከር ይቀድማል። ለማንኛውም መኪና ቢሆን ሰብፍሬሙ ሲወርድ የማሰሪያ ቦታዎቹን አጽዱና በመብራት እዩ። ያን ቦታ ዳግም የምታዩበት አጋጣሚ ቶሎ አይመጣም።

እኔ ብሆን የምመርጠው

መኪናዋ በየቀኑ ሥራ የምትሄድ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ትራክ የምታይ ከሆነች አዲስ የፋብሪካ ጎማ ወይም ጠንከር ያለውን ጎማ አስገባለሁ። ቤተሰብ ይሳፈርባታልና። የፋብሪካው ጎማ ላይ ትራክ በወጣሁ ቁጥር እንቅስቃሴው ቢረብሸኝ መሙያ እጨምርበታለሁ። ሁለቱም ጥሩ መኪና ይሰጣሉ።

ወር በገባ ትራክ የምትወጣ፣ የሚነክስ ጎማ የምታደርግ፣ ግን አሁንም በራሷ ተነድታ የምትሄድ መኪና ከሆነች 80 አካባቢ ያለ ሙሉ ፖሊዩሬቴን ለዲፈረንሻሉ፣ አዲስ ጎማ ለሰብፍሬሙ። ይህን ጥምረት ነው አጥብቄ የምመክረው። ጥዝታ በጥቂቱ ይመጣል፤ ይለመዳል።

በመኪና ተጭና ትራክ የምትደርስ ከሆነች አሉሚኒየም አስገቡና እርሱት። ጉልበቷ በጣም ከፍ ያለ፣ ከቆመበት የምትወረወር መኪናም እዚህ ትገባለች፤ መዝለሉ አክስል ከሚሰብር ጫጫታው ይሻላል። የምትወዳደሩ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የምድባችሁን ደንብ አንብቡ። የፋብሪካውን ቁስ መቀየር የሚከለክሉ፣ ወይም ጎማና ፕላስቲክ ፈቅደው ብረት የማይፈቅዱ ምድቦች አሉ።

ሲገጠም

አሮጌውን ማውጣት ከአዲሱ ማስገባት ይከብዳል። አንዳንዱ በእሳት ያቃጥለዋል። አታድርጉት። ጭሱ መርዝ ነው፤ የነዳጅ ታንኩም ከአጠገቡ ነው። ጎማውን በትራፓኖ ዙሪያውን ቀዳድታችሁ የመሃሉን ብረት አውጡ፤ የቀረውን ቀለበት በሴጌቶ ከውስጥ በጥንቃቄ ሰንጥቁት። ሴጌቶው ቀለበቱን አልፎ የሰብፍሬሙን ግድግዳ እንዳይነካ በየመሃሉ እያቆማችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ የቀረ ጭረት አዲሱ ቡሽ እንዳይጠብቅ ያደርጋል፤ የስንጥቅ መነሻም ይሆናል። ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግና ሰፊ ቱቦ ያለው መጎተቻ ካገኛችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ከማውጣታችሁ በፊት የአሮጌውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ፎቶም አንሱ። የጎማውን ክፍተቶች አቅጣጫ በዚህ ታውቃላችሁ። አዲሱን የብረት ቡሽ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ በጥቂቱ ስለሚኮማተር ሲገባ ይቀላል። ጎማ ከሆነ የሳሙና ውኃ ቀቡት፣ ዘይት ግን አታስነኩት። መዶሻ አትጠቀሙ። ቀጥ ብሎ ካልገባ አውጡና እንደገና ጀምሩ።

ዲፈረንሻሉ ከወረደ ዘይቱን ቀይሩ፤ የፒኞኑንና የአክስሎቹን ፓራኦሊዮ እዩ፤ መተንፈሻው እንዳልተደፈነ አረጋግጡ። የተደፈነ መተንፈሻ ዘይት በፓራኦሊዮ በኩል ይገፋል፤ ዘይቱም አዲሱ ጎማችሁ ላይ ይደርሳል። ቡሎኖቹን የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። ድፍን ቡሽ ላይ ይህ የበለጠ ይጠቅማል፤ የላላ ቡሎን የሚደብቅለት ጎማ ስለሌለ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። እያንዳንዱን ቡሎን ካጠበቃችሁ በኋላ በቀለም መስመር አስምሩበት። ከመጀመሪያው የትራክ ቀን በኋላ መኪናዋን አንሱና መስመሮቹን እዩ። መስመሩ ከተዛነፈ ቡሎኑ ዞሯል፤ ደግማችሁ በልኩ እሰሩት። ሁሉም ባሉበት ሆነው አዲስ «ዷ» ከመጣ ደግሞ ከቡሹ ወደፊት ተጉዛችሁ ክሮቸራውንና የካምቢዮ ማሰሪያውን ፈትሹ። የኋላው ሲጠነክር እስካሁን ተደብቆ የነበረው ልል ቦታ መሰማት ይጀምራል።